የዘንዶ ፍሬ በጓሯችን

ሰኔ 3 ቀን 1975

ሌሊቱን ዝናቡን ሲያወርደው አደረ። ጠዋት ጓሮ ወጣሁ። ቃሪያው ተኝቷል፤ ጎመኑ ደህና ነው። የአሰቡ ተክልም ደህና። ከዋንዛው ምሰሶ የተንሸራተተውን ቅርንጫፍ በቁራጭ ጨርቅ መልሼ አሰርሁት። ሦስት ጠርዝ ያለው እሾሃም ነገር... ቁልቋል እንዳልለው ወተት የለውም። ያመጣልኝ የባለቤቴ የወንድም ልጅ፣ ሾፌሩ ሙሀመድሰዒድ ነው። አሰብ ሲጭን አንድ መርከበኛ ሰጠው፤ ክንድ የማይሞላ ቁራጭ። "የዘንዶ ፍሬ ይሉታል። ውጭው ቀይ፣ ውስጡ ነጭ፣ ዘሩ እንደ ጥቁር ሰሊጥ" ብሎኝ ነበር። ይኸው ሦስተኛ ክረምቴ። ቀይም የለ፣ ነጭም የለ።

ማታ ባሌ ሙሀመድዘይን ያንኑ ወሬ አነሳ። ወንድሙ ዓብደላ ወረታ ላይ ሱቁን አስፍቷል፤ ኑና አብረን እንሥራ ይላል። የኛ ሱቅ መደርደሪያው ባዶ ነው፤ እውነቱን ነው ባሌ። ግን ሃያ ዓመት የኖርሁበትን ግቢ? ጎረቤቴን እማሆይን? ሐይቁን? "ተክሌንስ?" አልሁት።

"እሺ፣ ያ ዘንዶሽ እስከ ኅዳር ካፈራ እንቀመጣለን። ካላፈራ ዕቃሽን ትሸክፊያለሽ" ብሎ ሳቀ።

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ!"

ረመዳን ሊገባ ነው። ቃሉን ለማጠፍ አይደፍርም።

ሰኔ 20

ሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚያጸዱት ሰዎች የዓሣ ሆድ ዕቃ በባልዲ ለምኜ ከተክሉ ሥር ቀበርሁ። የሠፈሩ ድመት ሁሉ መጣ። ቆፍረው አወጡት። መልሼ ቀብሬ ድንጋይ ጫንሁበት። ጾሜን ይዤ ከድመት ጋር ስታገል ዋልሁ...

እማሆይ ወለተ ኪዳን ከአጥሩ ማዶ ሆነው ይስቃሉ። "አስያ፣ ዘንዶውን ዓሣ ታበይዋለሽ?" ይሉኛል። እሳቸው የመሪጌታ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ሲያርፉ ቆብ ጫኑ። በአጥሩ መሽሎኪያ ወደኔ ይመጣሉ፤ እኔም ወደሳቸው። ወባ የጣለኝ ጊዜ በማንኪያ ውሃ ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። ወረታ ማን አለኝ?

ልንሄድ እንደምንችል አልነገርኋቸውም። ለምን ከአሁኑ ሆዳቸው ይባባ።

ሐምሌ 25

ምንም የለም። እሾህ ብቻ።

መስከረም 8 ቀን 1976

አረፋ በሰላም አለፈ። ዛሬ ከአንዱ ጠርዝ ላይ አውራ ጣት የምታህል ነገር አየሁ። ቅርንጫፍ መሰለኝ... አይደለም። እንቡጥ ናት! ያ ረቢ!

ለሙሀመድዘይን ብቻ ነገርሁት። "እንግዲህ እናያለን" አለ። ለሌላ ለማንም አልተነፈስሁም፤ ዓይን እንዳይገባባት ፈራሁ። ለእማሆይም ቢሆን።

መስከረም 27

ከዒሻ ሶላት በኋላ ፋኖስ ይዤ ወጣሁ። ተከፍታለች! ሳህን ታህላለች፤ ነጭ። ጓሮው በሙሉ ሽታዋ። ሙሀመድዘይንን ጠራሁት፤ ፋኖሱን ተቀብሎኝ ጎንበስ ብሎ አያት። እንዲህ ያለ ነገር ለማየት ያበቃኝ አላህ ይመስገን።

መስከረም 28፣ እሑድ

የለችም።

ሱብሒ ሰግጄ ብወጣ አንገቷ ብቻ ቀርቷል። ፍየል እንዲህ አስተካክላ አትቆርጥም። ማነው? ሰው ነው... ማን ጨከነብኝ?

እኩለ ቀን ላይ እማሆይ መጡ፤ ፊታቸው በርቷል። "አስያዬ፣ እመቤቴ ትስጥሽ! ወርሐ ጽጌ አይደል? ጎሕ ሲቀድ ለቅዳሴ ስወጣ በአጥሩ በኩል አየሁት። አስያ አትነፍገኝም ብዬ ቆርጬ ወሰድሁት። ከሥዕለ ማርያም ፊት አኖርሁት። ካህናቱ ሁሉ እንዲህ ያለ ጽጌ አይተን አናውቅም አሉ!"

"ይቀበልልዎ" አልሁ። ገብቼ አለቀስሁ። ማንን ልቆጣ? ለሳቸው ያልተናገርሁ እኔ።

ለሙሀመድዘይን ስነግረው ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። "እንዳትነግሪያቸው። ይሞታሉ" አለኝ።

ጥቅምት 3

ሣጥኑን አውጥቼ ሳራግፍ እማሆይ ድንገት ገቡ። "የት ልትሄዱ ነው?" አሉኝ። መዋሸት አልቻልሁም። ወረታውንም፣ መሐላውንም፣ አበባዋንም ዘረገፍሁት። መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"ወየው ጉዴ! በገዛ እጄ?"

"አላወቁም እኮ፣ እማሆይ። እኔ ነኝ የደበቅሁ።"

አልሰሙኝም። ተነሥተው ተክሉን ይዞሩት ጀመር። እዚያ እሾህ መሐል፣ ነጠላቸው እየተያዘ... ወዲያው "አስያ! ነይ!" ብለው ጮኹ። ከግድግዳው በኩል፣ እኔ ዞሬ በማላየው ጎን፣ አንዲት እንቡጥ ተደብቃለች። ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ ሳቅን።

ጥቅምት 11

ሁለተኛዋ ሌሊት ተከፈተች። ሲነጋጋ ብወጣ እማሆይ ቀድመውኛል። በርጩማ አምጥተው፣ ዳዊታቸውን ይዘው፣ ከፊቷ ተቀምጠዋል። ንብ በመጣ ቁጥር በነጠላቸው ጫፍ ያባርራሉ።

"ኧረ ይተዉአቸው! ንብ ካልገባባት እንዴት ታፈራለች? ዱባ ተክለው አያውቁም?"

"አሁንስ የማምነው የለም" አሉ። ግን ተዉአቸው።

ጥቅምት 19

አበባዋ ደርቃ ተንጠለጠለች። ከሥሯ ያለው ጉብታ ግን አረንጓዴ ነው፣ ጠንካራ። በጣቴ ጫፍ ነካሁት። አልረገፈም። ለማመስገን ቸኮልሁ ይሆን? ይሁን፣ አመሰግናለሁ።

ኅዳር 8

ሙሀመድሰዒድ መኪናውን ይዞ መጣ። ዓብደላ ልኮት ነው፤ ዕቃችሁን ጫኑ ብሏል። ፍሬዋ ገና እንቁላል ብታህል ነው፤ አረንጓዴ። ፍሬ ናት ብዬ ልከራከር? ባትበስልስ? ነገ ብትረግፍስ? ባሌንም አየሁት። ባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ መዋሉን አስቤ አዘንሁለት። "የፈለግኸውን አድርግ። በመሐላው አልይዝህም" አልሁት። ከልቤ ነው።

ብቻውን ጓሮ ወጣ። ቆየ። ተመልሶ ሙሀመድሰዒድን "ለዓብደላ ሰላም በልልኝ። አልመጣም በለው" አለው።

"ገና አልበሰለችም እኮ" አልሁ እኔ ሞኟ፣ "ብትረግፍስ?"

"ብትረግፍም።"

መኪናው ከሄደ በኋላ ነው የነገረኝ። ትናንት እማሆይ ሱቁ ድረስ ሄደው ኖሯል። እግሩ ላይ ሊወድቁ ሲሉ በግድ ይዞ አስነሣቸው። "ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ። እኔን ቅጣኝ። እሷን ግን አትውሰድብኝ" አሉት።

"ወረታ የሥጋ ወንድም አለኝ" አለኝ ሙሀመድዘይን፣ "እንዲህ ብሎ የሚለምነኝ ጎረቤት ግን እዚያ የለኝም።" ዓይኑን ከኔ አዞረ። እኔ እንባዬን አልደበቅሁም።

ኅዳር 20

ቀላች! እንደ ፍም። ቅርፊቷ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቧል። ጠዋት ቆርጬ ትሪ ላይ አስቀመጥኋት። እማሆይ መጡ፤ ግን ጾመ ነቢያት ገብቷል፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይቀምሱም። "እናንተ ብሉ፣ እኔን አትጠብቁ" አሉ። ሙሀመድዘይን ቢላዋውን ከእጄ ወሰደና ቁጭ አደረገው። "ዘጠኝ ሰዓት እንቆርጣታለን" አለ። ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ከኛ ጋር ጠበቀ። ሦስታችን ትሪውን ከበን ስናያት ዋልን።

ቆረጥናት። ነጭ፣ በጥቁር ዘር የተሞላች። ጣዕሟ... እውነቱን ልጻፍ? ውሃ ውሃ ትላለች። ጣፈጠች ሲባል ትጠፋለች። ተያየን። መጀመሪያ የሳቁት እማሆይ ናቸው። ባሌ "ለዚች ነው ወንድሜን ያስቀየምሁት?" ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በዚህ ቤት እንዲህ ከተሳቀ ስንት ጊዜው ነው?

ሐሙስ ባሌ በጀልባ ደልጊ ገበያ ይሄዳል፤ የቀረችንን ጨርቅ ይዞ። ይሸጥ ይሆን? አላውቅም። ዓመቱን እንዴት እንደምንወጣውም አላውቅም። አልሐምዱሊላህ።

ማምሻውን እማሆይ ሊሄዱ ተነሥተው፣ እንደ ማፈር እያሉ፣ "አስያዬ... ለከርሞ ብዙ ካበበ ለእመቤቴ አንዲት ትሰጪኛለሽ?" አሉ። አፌን ሳልከፍት ሙሀመድዘይን ቀደመኝ።

"ለከርሞ ሁለት ይውሰዱ፣ እማሆይ።"

ለከርሞ አለ። በራሱ አፍ፣ እዚሁ ጓሮ ቁጭ ብሎ፣ ለከርሞ አለ።