ለአባ የተቀመጠች ጠርሙስ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለይርጋለም ኃይለ ገብርኤል፤ ካለህበት ድሬዳዋ።

ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ማኅደረማርያም ደኅና ናት? ልጆቹስ? እኛ አንኮበር ላይ ብርዱ ገና ከመጀመሩ ጋቢ አስደርቦናል፤ ገብሱ ግን ዘንድሮ ደኅና ይዟል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። አለን ስልህ ሁላችንም እንደ ድሯችን ነን ማለቴ አይደለም፤ አንተም ይህን ታውቃለህ።

ሾፌሩ ወልደኪዳን እዚህ የሰማውን ሁሉ እንደነገረህ አልደበቀኝም። ከዚያ ወዲህ ድምፅህ ጠፋ። ለእንቁጣጣሽ እንኳ ሳትደውል ስትቀር አባባ ስልኩን ከጉልበታቸው ላይ ሳያወርዱ ዋሉ። እኔ ስደውል ደግሞ ታነሣና ሥራ ላይ ነኝ ብለህ ትዘጋለህ። ሥራ ላይ እንዳልሆንክ አውቃለሁ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ስታፍር ድምፅህ ይቀጥናል። ስለዚህ ልትዘጋው በማትችለው በወረቀት መጣሁብህ። ነገሩን ከሾፌር አፍ ቆራርጠህ ከምትይዘው፣ ሙሉውን ከእህትህ ስማው። የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ አባባ አንተንም እንዳያጡህ።

ደብረ ብርሃን ክሊኒክ ሄደው ስኳር በሽታ አለብዎ የተባሉ ጊዜ ሐኪሙ ስኳርና መጠጥ ይተዉ ብሏቸው ነበር። እሳቸውን ታውቃቸዋለህ፣ አንዴ ተውኩ ካሉ ተዉ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻያቸውን ያለ ስኳር ጠጡ፤ ጠላም ባፋቸው አልዞረም። የስኳሩን ጣሳ በገዛ እጃቸው አንሥተው ለጎረቤት ሰጡ። ክኒናቸውን አያጓድሉም። እኛም እንደ አባባ ያለ ታዛዥ በሽተኛ ከየት ይገኛል እያልን እናመሰግናቸው ነበር። ስኳር ማለት በኪሎ የሚሸጠው ነጩ ብቻ መስሎን።

ጉዳቱ የመጣው በፍቅር በኩል ነው። አባባ ለንስሐ ልጆቻቸው ጠበል ሊረጩ ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ ከገቡበት ሳይቀምሱ መውጣት እንደሌለ ታውቃለህ፤ ዱሮ ተከትለሃቸው ስትሄድ ዳቦውን የምትጨርሰው አንተ ነበርክ። ጠላ መተዋቸው በተሰማ ጊዜ ሰው ሁሉ ተጨነቀ። ካህን ከቤት ገብቶ ጉሮሮውን ሳያርስ እንዴት ይሸኛል? አንዱ ከከተማ አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥ አመጣ፤ ሌላው ሰማና እሱም ገዛ። ብዙም ሳይቆይ በየቤቱ ለአባ የተቀመጠች ጠርሙስ ተገኘች። ልጅ እንዳይነካት፣ እንግዳ እንዳይከፍታት ትጠበቃለች። ለራሳቸው በሶ በጥብጠው የሚያድሩት እማሆይ በሰለች እንኳ ለአባባ አንድ ጠርሙስ አያጡም። በጾም ደግሞ ከቅዳሴ ሲወጡ በዱቄት የሚበጠበጥ ጁስና የጾም ተብሎ የተጻፈበት ብስኩት ይቀርብላቸዋል። አንተም በየፋሲካው በወልደኪዳን መኪና የዚህኑ መጠጥ ካርቶን ትልክ ነበር። አልኮል የለበትም፣ ቅቤ የለበትም፣ ስኳር ሲጨመርበትም ያየ የለም። ይጠማቸዋል፤ ሲጠማቸው ያንኑ ይጠጣሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው።

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት ብርድ ተመልሰው እግራቸውን ወደ ምድጃው ዘርግተው ተቀመጡ። ቆዳ ሲቃጠል የሸተተው እኔን ነው። ዞር ብዬ ባይ ተረከዛቸው ፍሙ ላይ አርፏል፤ እሳቸው ግን ታቦቱ እንዴት እንደገባ ረጋ ብለው ያጫውቱኛል። ምንም አልተሰማቸውም። ይርጋለም፣ እንደዚያን ጊዜ ደንግጬ አላውቅም። ቁስሉ አልደርቅ አለ፣ እያደር ጠቆረ። በየካቲት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወሰድኳቸውና እግራቸው ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ተቆረጠ። በስልክ ትንሽ ቆስሎ ነው፣ እየዳነ ነው ያሉህ እዚያው አልጋ ላይ ተኝተው ነው።

የተቆረጠውን እግር በነጠላቸው ጠቅልዬ ወደ አንኮበር አመጣሁት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከእናታችን መቃብር አጠገብ ተቀበረ። ተመልሼ ስነግራቸው፣ እንግዲህ እግሬ ቀደመኝ አሉ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ግራ ገባኝና ሁለቱንም አደረግሁ።

በዚያ ሰሞን ጠያቂው ጎረፈ፤ ሁሉም በፌስታል ለስላሳና ጁስ ይዞ ነው የሚገባው። ሰርካለም የምትባል ነርስ ከአልጋው ሥር የተደረደረውን አይታ ይህን የሚጠጣው ማን ነው አለችኝ። አባባ ናቸው፣ ስኳር ግን ነክተው አያውቁም አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ። ጠርሙሱን አዙራ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አነበበችልኝ። አልተቆጣችኝም፤ አጠገቤ ተቀምጣ አስረዳችኝ። ጤነኛ ሰው ለበዓል አንድ ቢጠጣ አይሞትም አለች፤ በየቀኑ በውኃ ፈንታ ሲሆን ግን ጤነኛውንም ይጎዳል፣ ለአባባ ደግሞ በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው።

አንኮበር ስመለስ ባለሱቁ ነቢዩ አላምን አለኝ። መርዝ ቢሆን በአደባባይ ይሸጥ ነበር ወይ፣ አያቶቻችንስ ማር ሲልሱ ኖረው የለም ወይ ብሎ ሞገተኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ስኳር አልባ ተብሎ የተጻፈበትን መጠጥ ከከተማ አምጥቶ ይኸው መፍትሔው አለ። ለሰርካለም ደውዬ ጠየቅኋት። እንደ ሌላው ስኳራቸውን ከፍ አያደርገውም፣ ዘወትር ሲጠጣ ምን እንደሚያመጣ ግን የተማሩትም ተከራክረው አልጨረሱም፤ አንደበታቸውን ውኃ ቢያለምዱት ይሻላል አለች። አባባም ይህን ሰምተው፣ የሰውን ምላስ ስገራ ኖሬ የራሴን ሳልገራው ቀረሁ አሉ።

ከዚያ ለማንም እንዳልናገር ከለከሉኝ። በፍቅር የሰጠኝን ሰው አንተ ነህ ያጎደልከኝ እንዴት ልበለው አሉ። ይህን ከሰሙ ዐይኔን ለማየት ያፍራሉ፣ ለይርጋለምም አትጻፊለት አሉኝ። እሺ አልኩ፤ በልቤ ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ እብሰለሰል ነበር።

በሰኔ እማሆይ በሰለች ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ወደቁ። ሲመረመሩ ስኳር ሆኖ ተገኘ። አባ ታመው አልመጣ ሲሉ ያስቀመጥኩላቸው እንዳይበላሽ ብዬ እኔው እየጠጣሁት ነበር ብለው ነገሩን። እግዜር ይመስገን፣ ነፍሳቸው ተርፋለች። አባባ ግን ያን ሌሊት አልተኙም። በሚቀጥለው እሑድ ሰንበቴው ላይ በወንበር ተቀምጠው ለሁሉም ተናገሩ። እግሬን የወሰደብኝ ጣፋጩ ነው፤ የሰጣችሁኝም አላወቃችሁ፣ የተቀበልኩትም አላወቅሁ፤ አሁን ግን ዐውቀናልና ለልጆቻችሁ ስትሰጡ አስቡበት አሉ። የማንንም ስም አላነሡም። አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ አላየም። ወልደኪዳን በዚያ ዕለት እዚያው ነበረ፤ ወዲያው ደውሎ ነገረህ።

የፈሩት ደረሰ። በጳጉሜን በምርኩዝ ሆነው ጠበል ሊረጩ ወጡ፤ ጀሪካኑን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሰዉ ጠበሉን ይቀበላል፣ መስቀል ይሳለማል፣ አንገቱን ደፍቶ ይሸኘናል። ቁጭ በሉ ያለ የለም። ጥሬ አልቀረበ፣ ውኃ እንኳ አልቀረበ፤ ደግሞ እንዳንጎዳቸው ብለው ፈርተው ነው። የአቶ ወልደአረጋይ ሚስት ባሌ የለም አለችን፤ ጫማው ግን ከደጃፉ ላይ ነበር። ቤት ስንገባ አባባ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ "እግሬን ሲወስዱብኝ ሰው ነበረኝ" አሉኝ። ከዚያም እንደ ሕፃን አለቀሱ። እናታችን ስትሞት እንኳ እንዲያ አላየኋቸውም።

ላያስችል አይሰጥም ይባላል፤ አሁን አንዳንዱ እየተመለሰ ነው። እማሆይ በሰለች የተቆላ ባቄላ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጡና አብረው ይቆረጥማሉ፣ ስለ በሽታቸውም ይፎካከራሉ። አንተ ግን አልተመለስክም። ልንገርህ፤ ካርቶንህ በመጣ ቁጥር አባባ መጀመሪያ የሚያደርጉት ላዩ ላይ የጻፍከውን ስማቸውን በጣታቸው መዳሰስ ነበር። መጠጡንማ የሚያስታውሱት በኋላ ነው። አልተቀየሙህም። ቅያሜ ካለ የእኔ ነው፣ እሱም ስለ መጥፋትህ ነው። ደግሞ ይህ በሽታ በዘር ይሄዳል ብላኛለች ሰርካለም፤ እባክህ ደምህን ተመርመር፣ ልጆቹንም ውኃ አስለምዷቸው።

ማኅደረማርያምን አቅፌ ስሜያታለሁ በላት። ልጆቹን ግንባራቸውን ሳምልኝ፤ አያታችሁ መስቀል ይዘው ይጠብቋችኋል በላቸው። እማሆይ በሰለች በጸሎት አስበውሃል። ነቢዩም ሰላም ብሎሃል፤ ክርክሩን ግን አልተወም። ወልደኪዳንን ስታገኘው አትቆጣው፣ የነገረህ ስለሚወድህ ነው።

ይህን ስጽፍ አባባ አጠገቤ ናቸው። ከእርስዎ ምን ልጨምርበት ብላቸው፣ ምን ይዤ ልግባ እያለ እንዳይቀርብኝ ብለው፣ ይህችን ብቻ ጻፊለት አሉኝ፤ "ባዶ እጅህን ና።"

እህትህ ፍቅርተማርያም ኃይለ ገብርኤል
አንኮበር፣ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.