ገረሱ ጽዋውን ለምን አሳለፈ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? "ከመነኮስኩ ወዲህ የእንጦጦ ብርድ አይሰማኝም" ትያለሽ አሉ። እኔ ግን ሹራብ ልኬልሻለሁ፤ ለሌላ እንዳትሰጪው። እኛ ቀበናዎች ደህና ነን፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነን። ስልክ ስለማትይዢ ይህችን ደብዳቤ ጎረቤታችን አስካለች ለጸበል ስትወጣ ታደርስልሻለች።

ገረሱ በሚካኤል ማኅበር ላይ የጽዋውን ጠላ ሳይቀምስ አሳለፈ ብለው ነግረውሻል። ጴንጤ ሆኗል ብለውም ጨምረውልሻል። አንቺም ሳትጠይቂው፣ "ደጄን እንዳይረግጥ፣ ስሞትም እንዳይቀብረኝ" ብለሽ ላክሽበት። ይህን ከሰማ ወዲህ ወንድሜ እህል በቅጡ አይበላም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፤ መነጽርሽን አድርጊ።

ገረሱ ሰካራም ነበር፣ እማዬ። ጾም ሲገባ ስለሚተው አልነቃንበትም እንጂ፣ ፋሲካ ሲመጣ ያልጠጣውን ሁሉ ያካክሰው ነበር። ጸበል ልጠመቅ ብሎ እንጦጦ ሲወጣም ባሕር ዛፉ ውስጥ ጋንጃ ያጨስ ነበር። ከዚያ ዓይኑ ቀልቶ አንቺ ዘንድ ሲመጣ፣ በጸሎት ያለቀሰ መስሎሽ ትመርቂዋለሽ።

አባባ በልጅነታችን "ቅመሱ፣ በረከት ነው" እያለ ከጽዋው ያስጎነጨን ነበር። ጣጣው ከዚያ ነው የመጣው እንዳልል፣ እኔም ከዚያው ጠጥቼ እንዲህ አልሆንኩም። ጓደኛው ሙክታር ደግሞ የመጠጥ ሽታ በማይገባበት ቤት ነው ያደገው፤ ሁለቱ የተገናኙት ግን ሾላ፣ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ ነው። ሙክታር፣ "አንተን መልአኩ ጋብዞህ ትጠጣለህ፣ እኔ ከመልአኩ ተደብቄ፤ ጠዋት ግን ሁለታችንንም እኩል ያመናል" እያለ ይቀልድበት ነበር አሉ። የመጠጡን ምክንያት እንግዲህ እኔ እንጃ። የጀመሩት አብረው ነው፣ የተዉትም አብረው።

ጽዋውን ካሳለፈ በኋላ ገረሱ ለንስሐ አባቱ፣ "አንዴ ከቀመስኩ ከማኅበሩ ወጥቼ ግሮሰሪ ነው የምገባው" ብሎ ነገራቸው። እሳቸው ሳቁና፣ "ታዲያ ጸበል ይቀዳልሃ! ሚካኤል ጠላ አልጠጣህም ብሎ የሚቀየም መሰለህ?" አሉት። ባለፈው ማኅበር፣ ተራው የእኛ ቤት ስለነበር፣ እዚሁ ጸበል ተቀዳለት፤ ሁሉም እያየው ቆሞ ጠጣ። ማኅበርተኛው ጋሽ ዱቤ፣ "ይሄ ልጅ እኛንም ሊያስተወን ነው" ሲሉ፣ እኔ ጓዳ ሆኜ በሳቅ ሞትኩ። ቆይቼ ደግሞ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ቅዳሜ እሱ ወደ አንቺ ይመጣል። ልጅሽ ጴንጤ አልሆነም፣ በሩን ክፈቺለት። ወሬኞቹም ቢሆኑ ሰው ሳቱ እንጂ ቤታችንን አልሳቱም፤ ይህን ግን በደብዳቤ የምነግርሽ አይደለም። እሁድ እሁድ ጠዋት ስለማይመቸኝ እኔም ቅዳሜ አብሬው እመጣለሁ። መጀመሪያ እሱን አስገቢው። እኔ አንቺ ራስሽ እስክትጠሪኝ ድረስ ውጭ እቆያለሁ።

ጌታ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ፊቱን ያብራልሽ።

ሴት ልጅሽ