የክቡር ኮቢና ኤሲልፊ፣ የኤጉዋሲው አሥር ቁጥር፣ የሕይወት ታሪክ

ክቡር ኮቢና ኤሲልፊ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ክዌሲ ኤሲልፊና ዓሣ በጭስ አድርቀው ይሸጡ ከነበሩት ከእናታቸው ከኤፉዋ ማናን፣ ማርች 13 ቀን 1962 እ.ኤ.አ. በጋና፣ በፋንቴ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በኤጉዋሲ ተወለዱ። ማክሰኞ ስለተወለዱ ኮቢና ተባሉ።

በከተማችን የሜቶዲስት ትምህርት ቤት ተምረው፣ ሁለተኛ ደረጃን በኬፕ ኮስት ጨርሰው፣ ስምንት ዓመት በመምህርነት አገለገሉ። በ1990 ከወይዘሮ አራባ ክዋንሲማ ጋር ተጋብተው አራት ልጆች አፈሩ። በ2004 ለፓርላማ ተመረጡ። ውኃ አስገብተዋል፣ መንገድ አሠርተዋል። የተቆጣ መራጭ ደጃቸው ላይ ሲሰበሰብ በጓሮ በር ሾልከው አያውቁም፤ ይህን ጠላቶቻቸውም ይመሰክራሉ።

በ2011 የከተማችንን የእግር ኳስ ክለብ፣ ኤጉዋሲ ዩናይትድን፣ ገዝተው፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው አሥር ቁጥር ለብሰው ሜዳ ገቡ። አሰልጣኙ እኔ የእህታቸው ልጅ ፊፊ ነበርኩ። እውነቱን ልናገር፤ ካገቧቸው ሠላሳ አንድ ጎሎች ሃያ ስድስቱ ፍጹም ቅጣት ምት ናቸው። ተከላካዮች ንክች አያደርጓቸውም ነበር። ደጋፊው "ክቡርነትዎ፣ ኳሷ ወዲህ ናት!" እያለ ሲስቅ እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። ቅያሪ የሚያዙትም እሳቸው ነበሩ። ከሜዳ ሆነው ሁለት እጃቸውን ካሽከረከሩ አንድ ሰው ይውጣ ማለታቸው ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የእሳቸው ቁጥር አንድም ቀን የቅያሪ ሰሌዳ ላይ አልወጣም።

በፌብሩዋሪ 2022 ሐኪም ልባቸው መድከሙን ነግሮ ኳስ ከለከላቸው። ከክሊኒኩ ስንወጣ "ለአራባ ትንፍሽ ብትል፣ ወየውልህ!" አሉኝ። እኔም ዝም አልኩ።

አፕሪል 24 ቀን፣ እሑድ፣ ካልተሸነፍን ከሊጉ አንወርድም። በሃምሳ ስምንተኛው ደቂቃ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ያዙ።

"አስወጣቸው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?" አለኝ ምክትሌ ባይዱ።

"አንተ አስወጣቸዋ! ጀግና ከሆንክ!"

ጥቂት ቆይቶ አጎቴ ወደ እኛ ዞረው ሁለት እጃቸውን አሽከረከሩ። እኔም በመጨረሻዋ ቅያሪያችን ሰባት ቁጥርን፣ ኤቦን፣ አስወጣሁ።

ኤቦ በኋላ እንደነገረኝ፣ አጠገባቸው ሲያልፍ ወደ እኔ እያዩ "አይ ፊፊ፣ እኔን እኮ ነው ያልኩት" አሉት። እንደ ልማዳቸው የቀለዱ መስሎት ሳቀ። ወጥተው ቢሄዱ ቡድኑ በአሥር ሰው ሊቀር ነው፤ ስለዚህ ቀሩ። በስልሳ ሰባተኛው ደቂቃ ወደቁ፤ ሆስፒታል ሳይደርሱም በስልሳ ዓመታቸው አረፉ።

ቤተሰቡ "ባደረባቸው ሕመም" ተብሎ እንዲነበብ ወስኖ ነበር። ሕመሙስ ነበረ። ነገር ግን በወጋችን ክለባቸውን የምወርሰው የእህት ልጅ እኔ ነኝ፤ ይህን ሳልናገር አልወርስም አልኩ። አራባ፣ ይህን ዛሬ ገና መስማትሽ ነው። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም።

ክቡር ኮቢና ኤሲልፊ ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውንና እህታቸውን እናቴን ትተውልን ሄደዋል። እግዚአብሔር ለእነዚህ ሁሉ መጽናናትን ይስጥ። ለእሳቸውም፣ ጌታ ሆይ፣ ለምነውኝ የነፈግኳቸውን ዕረፍት አንተ ስጣቸው።