መያዣ ያልከኝ እህትህ

አንተ! አዎ፣ አንተን ነው። ደውዬ ደውዬ «ክፍል ውስጥ ነኝ» እያልክ ስትዘጋብኝ ይሄን በአውቶቡሱ ረዳት እጅ ላክሁልህ። ወረቀት አይዘጋም። ተቀመጥና አንብበው።

ወንድሜ፣ ሰላምታ ሳላቀርብ ብጀምር እናታችን ባለጌ ትለኛለች። እንዴት ከረምክ? ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይ? የግቢው ምግብስ ተስማማህ? ቢቸና ሁሉም ደኅና ናቸው፤ የአባታችን ጉልበት ብቻ ዘንድሮ ብሶበታል። እኛም ሞጣ ልጆቹ ደኅና ናቸው፣ ጤፉም በሰላም ገብቷል፣ ፈጣሪ ይመስገን። እኔን ከጠየቅከኝ ግን ደኅና አይደለሁም። ደንግጫለሁ። ድንጋጤ ሰው ላይ እንዲህ ይከርማል ብዬ አላውቅም ነበር። ወጥ ስሠራ ጨው ጨምሬ ጨምሬ፣ ቀምሼ ደግሞ እጨምራለሁ።

ምን ሆነሽ እንዳትለኝ። የገና ለት ምሳ በልተን እንደተቀመጥን፣ የባሌ የእህቱ ልጅ ፍሬ ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጣች። «እትዬ፣ ወንድምሽ ቴሌግራም ላይ ወጥቷል፣ ኮት ለብሷል!» አለች። እኔ ሞኟ ደስ አለኝና «ድምፁን ጨምሪው፣ ሁሉም ይስማ» አልኳት። በገዛ አፌ! አማቴ እማማ አስናቀች ሳይቀሩ በርጩማቸውን አስጠጉ።

ከጀርባህ ግድግዳው ላይ «ልዩ ርዕሰ ጉዳዮች በዓለም አቀፍ ግንኙነት» ይላል። አውቀዋለሁ። «አስተማሪው ርዕሱን ራሳችሁ ምረጡ ብሎናል፣ እኔ ስለ እርቅ ልሠራ ነው» ብለህ ስትነግረኝ ሰፈሩን በወሬ ያደነቆርኩት እኔ ነኝ። ትምህርቱንስ ቢሆን ማን አስመረጠህ? ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ሬዲዮ ያስተማረኝ እኔ አይደለሁም? ስለ ሱዳን፣ ስለ ሩሲያ ከወንዶቹ ጋር አፍ ለአፍ ስገጥም «ይቺ አምባሳደር መሆን ነበረባት» ይሉኛል። «ወንድሜ ይሆንላችኋል፣ ጠብቁ» እላቸዋለሁ። ጠበቁ። መጣህላቸው።

«በድሮ ዘመን መንግሥታት ሲታረቁ ቃላቸውን እንዳያጥፉ ሰው በመያዣ ይሰጣጡ ነበር» አልክ። ይሁን፣ እሱን እኔም ሰምቻለሁ። ቀጠልክ። «ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኔ ቤተሰብ የአጎቴን ደም ለማድረቅ ታላቅ እህቴን ለገዳይ ወገን በመያዣነት ሰጥቷል። ፈቃዷን የጠየቃት የለም። ልጅ ነበርኩ፤ ከቤት ሲያስወጧት ያለቀሰችው ለቅሶ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ» አልክ። አንዲት ልጅ እንባዋን ጠረገች። አጨበጨቡልህ።

እዚህ ቤት ያጨበጨበ የለም።

እማማ አስናቀች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። «ገዳይ ወገን» አልካቸው! ቢሆነኝ የሚባለው አጎታችንና የባሌ አጎት በበሬ ግዥ ገበያ ላይ ተጣልተው፣ የኛ ሞቶ የነሱ ወህኒ ወርዶ፣ ስንት ዓመት በቢቸናና በሞጣ መካከል በጨለማ የሚሄድ ዘመድ አልነበረንም። የነሱ ሽማግሌዎች ድንጋይ ተሸክመው አባታችን እግር ላይ ሲወድቁ አንተ አታስታውስም። መሪጌታ ገብረ ኪዳን ከደብረ ወርቅ መጥተው መሀል ቆሙና «ከዛሬ ወዲያ ገዳይና ሟች የሚባል ወገን የለም፤ ያነሳው የተወገዘ ይሁን» አሉ። አገሩ ሁሉ አሜን አለ። አንተ አነሳኸው። በማይክራፎን!

ባሌ የኔሰው ግን አልተቆጣም። ባሌን አታውቀውም፤ ቢቆጣ በስንት ጣዕሙ። ስልኩን ለፍሬ መለሰላትና እኔን ሳያይ «ለካ እስከዛሬ ያኖርኩት መያዣ ኖሯል» አለ። ከዚያች ቀን ወዲህ መኝታውን ለይቷል። «ኧረ ሰውዬ፣ ወድጄ ነው የምኖረው» ስለው «የተያዘ ሰው ሌላ ምን ይላል?» አለኝ። «ወንድሜ ተሳስቶ ነው» ስለው «የተማረ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የማያውቀውን አይናገርም» አለኝ። የተማረ ይግደለኝ ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔን ግን ሳልለው ገደለኝ።

እና ለመጪው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ጠርቷል። ሊያሰናብተኝ ነው! በጥል እንዳይመስልህ፣ በደግነት። «በግድ የመጣች ሴት ይዞ መኖር ነውር ነው፤ ልጆቿን ይዛ በክብር አባቷ ቤት ትመለስ» ብሏቸዋል። ይኸው ነፃ አወጣኸኝ። እንኳን ደስ ያለህ!

እስኪ ስለዚያ ለቅሶ ደግሞ ልጠይቅህ። አንተ ቢቸና ውስጥ ሳታለቅስ ከእናቷ ቤት የወጣች ሙሽራ አይተህ ታውቃለህ? ዝም ብላ ብትወጣ «ባል ባል ብላ ልትሞት ነበር» ይሏት የለም? እናታችን ራሷ ቀሚሴን እያስተካከለች «ጮክ በይ እንጂ፣ ውጭ ያለው ሰው አልሰማሽም» ብላ ጎኔን ቆንጥጣኛለች። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ከጀመርኩ አላሳንስም፤ አገር ይያዝልኝ አልኩ። ሚዜዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ነበር። አንተ ዳቦህን እየገመጥክ በር ላይ ቆመህ ነበር፤ ያችን ለቅሶ ይዘህ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባኸው። ፈረንጅ ቢጽፈው አልፈርድበትም። አንተ ግን የዚያው ቤት ልጅ!

«ፈቃዷን የጠየቃት የለም» ላልከው፣ እውነት ነው፣ አባታችን አልጠየቀኝም። ግን አስብ እስኪ። መሪጌታ ቅኔ ሲዘርፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የጎረምሳና የልጃገረድ ነገር ከመቼ ወዲህ ገብቷቸው ያውቃል? ከዚያ ሁሉ የቢቸና ልጅ፣ ከዚያ ሁሉ የሞጣ ጎረምሳ፣ ለእርቁ ጋብቻ የኔንና የየኔሰውን ስም ለይተው የጠሩት ማን ሹክ ብሏቸው ይመስልሃል? ከእርቁ በፊት በነበረው ዓመት ለደብረ ወርቅ ማርያም ንግሥ፣ ሕዝቡ ሲጋፋ አንዲት ዓይነ ስውር ባልቴት በጀርባው አዝሎ ያወጣ ጎረምሳ ነበር። የማን ልጅ ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ስሙ ሲነገር፣ ቆማ የሰማች ነበረች። እናታችንን እንዳትጠይቃት፤ አታውቅም። አባታችንም በሕይወት እያለ፣ የወንድሙ ደም ሳይደርቅ የተደረገውን እንዲሰማ አልፈልግም። ለየኔሰው ነግሬው አላውቅም። ዛሬ ብነግረው ደግሞ ለመቆየት የፈጠርኩት ይመስለዋል። በቃ፣ ይሄን እዚሁ ተወው።

«ኬዝ ስተዲ» ትላላችሁ አሉ። ኬዙ ሞጣ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ይሰማል፣ ስልክም አለው። ስለ ሁለት አገር ድርድር ስታጠና አንዱን አገር እንኳ ሳትጠይቅ ትጽፋለህ? ስንት ማርክ ሰጡህ ለመሆኑ?

እጠላህ እንዳይመስልህ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህን እንዴት እጠላሃለሁ? የደብረ ወርቅ እመቤት ትጠብቅህ። ያ ግዝት ባንተ ላይ አይረፍ፣ በልጅነትህ ይለፍልህ። አገር ከአገር የምታስታርቅ ሰው ያድርግህ፤ ቤት ከቤት ሳታጣላ። እነ ፍሬም ሰላም ብለውሃል፤ ኮቱ አምሮብሃል።

ታላቅ እህትህ፣ ከሞጣ

ለኔ ለብቻዬ ይቅርታ ብለህ እንዳትጽፍልኝ፣ አልቀበልም። እሁድ ና። ሽማግሌው፣ ካህኑ፣ ባሌ፣ እማማ አስናቀች በተቀመጡበት መሀል ቁም። ፈተና አለብኝ ካልክ ያንኑ ኮት ልበስና በዚያው ቴሌግራም፣ ላጨበጨቡልህ ሁሉ ተናገር፦ እህትህን አንድ ቀን ጠይቀሃታል ወይስ አልጠየቅሃትም? በሰው ፊት መልስ!