ይመርን ፍለጋ

ለጀይሉ ይመር፣ ከሚሴ

ጀይሉ፣ አካም ጅርታ? ዓይንህ ከደከመ ወዲህ ደብዳቤ የምታነብልህ ፋይዛ ናትና ቀስ ብላ ታንብብልህ፤ አንተም እንደ ልማድህ መሃል ላይ አታቋርጣት።

ከልጅ ልጄ ከሁዳ ኋላ ሞተር ላይ ተፈናጥጬ አዲስ አበባ ገባሁ። ወገቤ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። አደራህን ይዤ በቀጥታ ወደ አርበኞቹ ሐውልት ሄድን። ጣሊያንን ሊወጋ ወጥቶ የቀረውን የአባትህን ስም ፍለጋ ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ተቀርጸውበታል፤ ስም ግን የአንድም ሰው የለበትም።

ጥበቃውን «የከሚሴው ይመር የት ጋ ነው?» ብዬ ብጠይቀው «አባባ፣ ይሄ የሁሉም ነው» አለኝ። እኛ አገር ሰንበቴ ከተማ ገበያ በሬ እንኳ ከነባለቤቱ ስም ነው የሚሸጠው።

«ሦስተኛው ረድፍ ላይ አገኘሁት» ብዬ ልዋሽህ ነበር። በስልክ ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ብዬ ይህን የፖስታ ካርድ ገዛሁ። ዕድሜ ልኬን ስዋሽህ ኖሬ ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ።

ስሙን ጠርቼ ዱዓ አደረግሁለት። ከሚሴ ቢሆን ሰፈሩ ሁሉ አሚን ይል ነበር፤ እዚህ አሚን ያሉት ሁዳና ጥበቃው ብቻ ናቸው።

ካርዱ ሞላ። ለባለቤትህ ለኡሚ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ሽሮዋ ናፍቆኛል። ልጆችህ የሚጠሩት ባንተ ስም ነው፤ የይመር ስም የቀረው ካንተ ስም ቀጥሎ ብቻ ነው። እኔ ሳልመለስ እንዳትሞት።

ሚፍታህ