የበራችን ደወል

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ናፍቆታችን ከዚህ ወረቀት ቢተርፍም እኛ ደህና ነን። እማዬም እንደ ድሮዋ ከስፌት መኪናዋ አትነሳም።

ሰሞኑን ሥራዬ የበሩ ደወል ሆኗል። ደንበኞች ተጭነው ተጭነው ሲሄዱባት እማዬ «ደወሉ ተበላሽቷል፤ ያንቺ የኤሌክትሪክ ትምህርት ለመቼ ነው?» አለችኝ። ባትሪውን ቀየርኩ። ኤሌክትሪክ ዞሮ ወደተነሳበት ካልተመለሰ አይሠራምና ሽቦውን ከባትሪው እስከ በሩ መጫኛ ቁልፍ፣ ከቁልፉ እስከ ደወሉ፣ ከዚያም መልሼ እስከ ባትሪው በጣቴ ተከተልኩት። የትም አልተበጠሰም። ስጫነው ጮኸ፤ ጎረቤታችን አናጢው ከቤቱ ብቅ ብሎ «ኧረ ጆሮዬን በሳሽው» አለኝ። እማዬ ግን ከስፌቷ ቀና አላለችም። ደግሜ ተጫንኩ። አሁንም ደግሜ ተጫንኩ።

ትናንት ደወሉን ነቅዬ በዚያው ሽቦ ላይ አምፖል ገጠምኩ፤ ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት። ስጫነው በራ፤ እሷም ወዲያው ወጥታ «አየሽ፣ ደወሉ ነበር» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ደወሉ ነበር» አልኳት።

እባክህ ከእንግዲህ ስልኩን ተውና ደብዳቤ ጻፍላት። «ልጄ በስልክ ማንሾካሾክ ጀመረ፤ ምን ሆኖብኝ ይሆን?» እያለች ታዝናለች።

ፊትህን ለማየት ያብቃን፤ ቶሎም ይሁን።

ታናሽ እህትህ