ለጃንጥላዋ አንድ ድምፅ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ምርጫው ባለፈ በዘጠነኛው ቀን

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ፤

እንደምን አለሽ? ባልሽስ? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ብዕሬን ካነሳሁ በኋላ፣ ሰሞኑን የዋሸሁት ይበቃል ብዬ ተውኩት። ጤናዬ ደህና ነው። እኔ ግን ደህና አይደለሁም።

ቅዳሜ ደውለሽ «አባዬ፣ እማዬን ምን አድርገሃት ነው? እኛ ጋ ከመጣች ጀምሮ ናፍቃችሁኝ ነው ከማለት ሌላ ቃል አይወጣትም» ስትዪኝ፣ «ምን አደርጋታለሁ፣ ናፍቃችኋት ነው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። በስልክ አፌን ይይዘኛል፤ ስለዚህ እጽፍልሻለሁ። ደግሞም ነገሩ ውስጥ አንቺም አለሽበት፤ ያፈረስኩት መሐላ በአንቺ ስም የማልኩት ነው።

የእናትሽ እጅ የተሰበረ ጊዜ ትዝ ይልሻል፤ ከላይ ሰፈር ወደ ገበያው የሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ላይ። ያን ደረጃ የእኔ ፓርቲ ቁልፍም፣ ተቀናቃኛችን ፋኖስም፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በየምርጫው ሲጠግኑት ኖረዋል፤ በአፋቸው። እናትሽ ወድቃ ስትጮህ አውቶቡሷን መሀል መንገድ አቁማ፣ ተሳፋሪውን «አንዴ ታገሡኝ» ብላ፣ ደግፋ ሐኪም ቤት ያደረሰቻት የስድስት ቁጥር ሹፌር ናት። ዘንድሮ ይህችው ሹፌር በግሏ ተወዳደረች። ምልክቷ ጃንጥላ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀባት። «የምክር ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል መሰለኝ፣ ጃንጥላ ይዛ ልትገባ ነው» የሚለውን ቀልድ ሰምተሽው ከሆነ፣ ከእኔ አፍ ነው የወጣው።

ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው እናትሽ የምትሰፋውን ሱሪ ከስፌት መኪናዋ ላይ አንስታ ወደ እኔ ዞረች።

«ስማኝማ» አለች፤ «እስከ ዛሬ አንተ ምረጪ ያልከውን ስመርጥ ኖሬአለሁ። አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬህ አላውቅም። ዘንድሮ አንዴ አንተ አብረኸኝ ምረጥ፤ ለሹፌሯ። አታሸንፍም፣ እሱን አላጣሁትም። ግን ከዚህ ሁሉ ሰው ሁለት ሰው እንኳ እንዳላት ትወቅ።»

«እሺ» አልኳት።

«ማልልኝ።»

«ልጄ ትሙት!»

ይቅር በይኝ፣ ከአንቺ ሞት በፊት የእኔን ያድርገው።

እሑድ ጠዋት ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ጃንጥላዋ ታች፣ ሦስተኛዋ ላይ ነበረች፤ አይቻታለሁ፣ አላየሁም አልልሽም። እጄ ግን ቁልፍ ላይ ምልክቱን አድርጎ ቁጭ አለ። ማንም አላስገደደኝም። ሠላሳ ዓመት የመብራት ቆጣሪ ሳነብ እግሬ ሳላዘው በር በሩን ያውቅ ነበር፤ እጄም እንደዚያው ቁልፍን ለምዷል። ወረቀቱን አጥፌ ሳጥኑ ውስጥ ስከተው «ማን ያውቃል?» አልኩ። ምስጢር አይደል እንዴ!

ቆጠራው እዚያው አንቺ የተማርሽበት ክፍል ውስጥ ነበር። እኔ የቁልፍ ወኪል ሆኜ፣ ፀጉር አስተካካዩ የፋኖስ ወኪል ሆኖ፣ በልጆች ወንበር ላይ ተኮራምተን ተቀመጥን። ሰብሳቢዋ የሒሳብ አስተማሪዋ ነበረች። ቁልፍ፣ ፋኖስ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ፋኖስ እያለች ስታነብ ቆየችና ድንገት ዝም አለች። አንዷ ወረቀት ላይ ምልክቱ ያረፈው ጃንጥላዋ ላይ ነው፤ ግን የኤክስ ምልክቱ አንዷ እግር ከመስመሩ ወጥታ ሄዳለች።

«ከመስመር አልፏል፣ ይሰረዝ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ሁለታችሁም ከተስማማችሁ እሰርዘዋለሁ» አለች አስተማሪዋ፣ ወረቀቱን ወደ እኔ እያዞረች።

የወጣችው እግር ጫፏ ላይ ቆልመም ብላለች። እናትሽ «እዚህ ጋ ይቆረጥ» ለማለት በጠመኔ ጨርቅ ላይ የምታደርጋት ምልክት! ከክር እንዳትምታታባት ጫፏን የምትቆለምማት። አንድ ቀን ከዩኒፎርምሽ ላይ ሳትራገፍ ለብሰሻት ሄደሽ፣ ልጆች ስቀውብሽ እያለቀስሽ የመጣሽባት። እጇ ከተሰበረ ወዲህ አንዷ እግር ትረዝምባታለች። ይህን ከአንቺ በቀር ለማንም አልተናገርኩም፤ አንቺም አትናገሪ።

«አይሰረዝም!» ብዬ ጠረጴዛውን ስመታው አስተማሪዋ ደንግጣ ብዕሯ ወደቀ። «እጁ የተንቀጠቀጠ ሰው ሰው አይደለም? ማንን እንደመረጠ እኮ እንደ ፀሐይ ግልፅ ነው!» ድምፄ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር አሉ። በመጨረሻ ጸደቀችና ውጤቱ በሩ ላይ ተለጠፈ፦ ቁልፍ ሁለት መቶ ሰባት፣ ፋኖስ መቶ ዘጠና ስምንት፣ ጃንጥላ አንድ።

ቤት የገባሁት ደረቴን ነፍቼ ነው። ውለታ የዋልኩላት መስሎኝ። «ለሹፌሯ አንድ ድምፅ ነበረች፣ ሊሰርዟት ሲሉ እኔ ነኝ ያዳንኳት» አልኳት።

«አንድ?» አለች።

«አንድ።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ!» አልኩ፣ እየሳቅሁ።

አየችኝ። ከዚያ ወደ መኪናዋ ዞረች። የቀኝ ጫማዬን አውልቄ የግራውን ክር ስፈታ ነው ነገሩ የገባኝ። ልጄ፣ ክው ነው ያልኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቆጣሪ ሳነብ ኖሬ አንድን ማንበብ አቃተኝ! ከሰው ሁሉ የደበቅሁት ድምፄ በር ላይ ተለጥፏል፤ የምታነበውም አንዲት ሴት ብቻ ናት።

በዚህ ቢያበቃ ይሻል ነበር። በማግስቱ ሰፈሩ «ያችን አንድ ድምፅ የሰጠው እሱ ነው፣ ባይሆንማ ምን አስጮኸው» ብሎ ፈረደ። የፓርቲ ጓደኞቼ ሰላምታ ነሱኝ። ፀጉር አስተካካዩ ባለፍኩ ቁጥር «ጃንጥላው መጣ!» ይላል። ወጣቶቹ ደግሞ መንገድ አቋርጠው እየመጡ እጄን ይጨብጡኛል፤ «አባባ፣ ወንድ ነዎት» ይሉኛል። እኔም አይደለሁም አላልኩም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኛል። በዚህ ዕድሜዬ ደፋር ተብዬ አላውቅማ።

ረቡዕ ሹፌሯ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ቤታችን መጣች። እጄን በሁለት እጇ ይዛ «እኔ የመረጥኩት ሌላ ጣቢያ ነው፤ በዚህኛው አንድ ሰው አላገኘሁም ብዬ ነበር። እርስዎ ግን የራስዎን ፓርቲ ትተው…» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። እናትሽ ሻይ እየቀዳች ነበር። ያኔ መናገር ነበረብኝ። «ኧረ ምንም አይደል፣ ግዴታዬ ነው» ብዬ ቁጭ አልኩ።

«ስኳር ስንት ላድርግልሽ?» አለቻት እናትሽ።

«ሁለት።»

እናትሽ አንድ ማንኪያ ጨምራ አማስላ ሰጠቻት። «ይቅርታ እህቴ፣ እዚህ ቤት ያለው አንድ ብቻ ነው።»

ሹፌሯ ስኳር ያለቀብን መሰላት። እኔን ሻዩ ትን አለኝ።

በነጋታው ሻንጣዋን ይዛ በሩ ጋ ስትደርስ ነው የተናገረችው። አልጮኸችም። «ድምፅህ የራስህ ነው፤ ለወደድከው ስጠው። ብትነግረኝ ስቄ አልፈው ነበር። የእኔን ግን ለምን ወሰድክብኝ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የምሰማው ይህንኑ ነው። ሻንጣዋን እንኳ ልሸከምላት አልተነሳሁም።

አንቺ ከደወልሽ በኋላ እሑድን እንደምንም ገፋሁትና፣ ትናንት አውቶቡስ መነሻው ድረስ ሄድኩ። ሹፌሯ የጎን መስታወቱን ትወለውላለች። «ያች ድምፅ የእኔ አይደለችም» አልኳት። «እኔ የመረጥኩት ቁልፍን ነው። ምስጋናሽን ሰርቄሻለሁ።»

ጨርቁን ይዛ ቆመች። «ታዲያ የማን ናት?»

«እሱ ምስጢር ነው። የእኔ ግን አይደለችም።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ በወደድኩ። እሷ ግን «እኔ ደግሞ ስኳር ልልክላችሁ ነበር» አለች። ሁለታችንም ሳቅን፤ የእኔ ግን ሳቅ አልነበረም፣ ፊቴን ማዞር ነበረብኝ። ከዚያ ከመሪው አጠገብ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። ለሚቀጥለው ምርጫ ለመመዝገብ አምስት መቶ የድጋፍ ፊርማ ያስፈልጋታል፤ ገና አንድም ሰው አልፈረመላትም። «እዚህ ላይ ግን ስምና አድራሻ በግልፅ ነው፤ መጋረጃ የለውም» አለችኝ።

ብዕሯን ተቀበልኳት። ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ፤ ፊርማዬንም አደረግሁ።

«አንደኛውን መስመር ዘለሉት እኮ፤ ሁለተኛው ላይ ነው የፈረሙት» አለች።

«አልዘለልኩትም» አልኳት። «እሱ ባለቤት አለው።»

ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። በጥንቃቄ አጥፋ ደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችው። አንደኛው መስመር ላይ ሌላ ሰው አታስፈርምም።

ልጄ፣ ይህን ደብዳቤ ለእናትሽ አንብቢላት አልልሽም። ጠረጴዛ ላይ ጥለሽው ብትረሺ ግን አልቀየምሽም። ያን ጀምራ የተወችውን ሱሪ ባለቤቱ ሁለቴ መጥቶ ጠይቋል። የጠመኔዋ ምልክት እንዳይጠፋ ብዬ ከቦታው አላነሳሁትም፤ አቧራውንም የምጠርገው በዙሪያው ነው።

በስምሽ የማልኩትን ፈጣሪ አይቁጠርብሽ፤ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጤና ይስጥሽ። ልጆችሽ ከመጋረጃ ጀርባም ከመጋረጃ ፊትም አንድ ሰው ይሁኑልሽ። እናትሽን እጇን ሳሚልኝ፤ የተሰበረውን።

አባትሽ

ስኳር ገዝቻለሁ በያት። አሁን እዚህ ቤት ሁለት አለ።